ሰማያዊው ቀሚስ ለምን ሐምራዊ ሆነ?

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የአንግርን «ልዕልት ደ ብሮይ» ሥዕል ከሙዚየሙ ድረ ገጽ አውርጄ በ50 በ70 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ አሳተምኩ። ቀሚሷ ሐምራዊ፣ ፊቷ ሻካራ ሆነ፤ ጎንና ጎኑም ተቆርጧል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የመጠኑና የሸራው ነገር የተበላሸው ገና ሲታዘዝ ነው። ዋናው ሥዕል (1851–53፣ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም) ቁመቱ 121.3፣ ወርዱ 90.8 ሴ.ሜ. ነው፤ 4 ለ3 ማለት ይቻላል። ቁመቱ 70 እንዲሞላ ሲደረግ ወርዱ 52.4 ይደርሳል፤ ትርፉ 2.4 ይቆረጣል። ሥዕሉን 45 በ60 አሳትመው 50 በ70 በሆነ ወረቀት መሃል ያሳርፉት። ከጎንና ከጎን 2.5፣ ከላይና ከታች 5 ሴ.ሜ. ነጭ ይተርፋል፤ ፍሬም ሠሪውም መያዣ ያገኛል።

ሸራውን ይተዉት። እንደ አንግር ያሉ የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሠዓሊዎች ኩራት የብሩሽ ዱካ አለማስቀረት ነበር፤ የልዕልቷ ጉንጭ እንደ ሸክላ ሲኒ ልሙጥ ነው። የሸራው ድርና ማግ በዚያ ጉንጭ ላይ ሲወጣ ሻካራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ላዩ ላይ ጄል ቀብቶ የብሩሽ ምት ማስመሰል ደግሞ ቀለሙን በወፍራሙ ለሚቀባው ለቫን ጎህ ቢሆን ያስኬድ ይሆናል፤ ለአንግር ግን ገንዘብ ከፍሎ ማበላሸት ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ልሙጥ የጥጥ ወረቀት ይጠይቁ። ጀርባቸው ጥቁር ለሆነ ሥዕሎች፣ ለምሳሌ ለፈረንሳዊው ሠዓሊ ለሊዮን ቦና ሥራዎች፣ የማያብለጨልጭ ወረቀት ጥቁሩን ግራጫ ስለሚያደርገው ከፊል አንጸባራቂው ይሻላል።

ሐምራዊው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፋይሉ ከአርጂቢ (ከስክሪን ቀለም አሠራር) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ማተሚያ ቀለም አሠራር) ሲለወጥ ነው። በኅትመት ሰማያዊ የሚሠራው ከሳያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ) እና ከማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ) ነው፤ ማጀንታው ትንሽ ካመዘነ ሐምራዊ ይሆናል። ፋይሉን በአርጂቢ እንዳለ ይስጡ፤ ማተሚያ ቤቱ በወረቀቱ የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙን ለዚያ ወረቀት በሚያስማማው ፋይል) ያስተካክለው። አስቀድሞም ፊቷንና ቀሚሷን የያዘ 10 በ15 ናሙና በትክክለኛው መጠን አሳትመው መስኮት ዳር ይዩት፤ ቢጫ አምፖል ሥር አይፍረዱ።

ለ45 በ60 የሚያስፈልገው 5315 በ7087 ፒክስል ነው። ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚታይ 3543 በ4724 ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው ዳንቴሉ ነው፤ በሶፍትዌር መለጠጥ ክሩን አይመልሰውም።

ጥያቄ፦ አሳትሞ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለዚህኛው አያስፈልግም። አንግር የሞተው በ1867 ነው፤ ሙዚየሙም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ለንግድም ጭምር ፈቅዷል። ሌላ ሙዚየም ግን ለፎቶው የራሱ ሁኔታ ሊኖረው ስለሚችል ገጹን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ኅትመቱን ፍሬም ካስገባሁት በኋላ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ ወረቀቱም ሞገድ ሠራ።

መልስ፦ ጉሙ ኅትመቱ ሳይደርቅ ከመታሸጉ ነው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት አየር ያግኝ። መስታወቱ ኅትመቱን እንዳይነካ አሲድ የሌለው ካርቶን በመሃል ይግባ። ሞገዱ የሚመጣው አራቱም ጠርዝ ሲለጠፍ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ መሄጃ ሲያጣ ይነሣል። ከላይ ብቻ በሁለት ቦታ፣ በስስ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይንጠልጠል፤ ፕላስተር ግን ቆይቶ ቢጫ ዱካ ይተዋል።