መኪና ከፍ ማድረግና አላይመንት፦ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ወገን። መኪናቸውን ከፍ ካስደረጉ፣ ወይም ለማስደረግ ካሰቡ ሰዎች የሚመጣው ጥያቄ በዝቷል፤ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራዬ የመኪና እግር ነው፤ ሞላ፣ አሞርዛተር (የሞላውን መዝለል የሚያበርደው)፣ አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ)፣ መሪ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አዲሱ ሞላ ገብቶ መኪናው ከፍ ያለ ቀን ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። የቀረው ግማሽ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል ነው።

ጥያቄ፦ ፕራዶ 150 አለኝ፣ ለሥራ አፋርና ደቡብ ኦሞ እመላለሳለሁ። ስንት ላስነሳው? ጓደኛዬ 10 ሴንቲ አድርገው ይለኛል።

መልስ፦ 5 ሴንቲ ይበቃሃል ወንድሜ። የ150 የፊት እግር ግራና ቀኙ ለየብቻው የሚሠራ ነው። ቦዲው ከፍ ባለ ቁጥር ከፊት ዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል የበለጠ ያዘነብላል። እስከ 5 ሴንቲ ድረስ ሲቪ ጆይንቱ (የአክስሉ መታጠፊያ) ይችለዋል። ከዚያ ካለፈ ሲቪ ጆይንቱን የሚሸፍነው የጎማ ቡት ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ጋራዥ የሌለበት ቦታ ላይ ትቀራለህ። የላይኛው አርም ቦል ጆይንትም (ኳስ መሰል መገጣጠሚያው) ጥግ ድረስ ተለጥጦ መሥራት ይጀምራል።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሞላ ቀይረህ ከፍ የምታደርገው ቦዲውን ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ከመሬት ያለው ርቀት በሞላ አንድ ሚሊ እንኳን አይጨምርም፣ ምክንያቱም የተቀመጠው ከጎማ ጎማ በተዘረጋው ድፍን አክስል ላይ ነው። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ልኩ 265/65 በ17 የሆነው ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ገደማ ነው። 265/70 ብታደርገው 803 ይሆናል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ፣ 13 ሚሊ ያህል ይነሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ድንጋይ መሃል ስትገባ ግን ትፈልገዋለህ። የፍጥነት መቁጠሪያው ከበፊቱ 3 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይህ ብቻ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ሞላ ከመቀየር የድሮው ላይ ስፔሰር (ቁመት ለመጨመር የሚደረብ ቁራጭ) ብጨምር አይሻልም? ዋጋው በጣም ይለያያል።

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ምን እንደምትገዛ እወቅ። ስፔሰር ቁመት ይሰጥሃል እንጂ ጭነት የመሸከም አቅም አይሰጥህም። የደከመ ሞላ ስፔሰር ቢደረግበትም ደካማ ነው። ሌላው፣ ፕራዶ ላይ ከአሞርዛተሩ አናት የምትጨምረው 25 ሚሊ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፉ ይጠጋል፣ አርሙ እንደ ማንሻ ስለሚያባዛው። ይህን ሳያውቁ 5 ሴንቲ ስፔሰር ገዝተው የሚመጡ አሉ፤ እኔ አልገጥምላቸውም። ሞላውና አሞርዛተሩ ጥሩ ከሆነና ትንሽ ቁመት ብቻ ከፈለግክ ስፔሰር ያዋጣል። መኪናው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ ግን ገንዘብህን ሞላና አሞርዛተር ላይ አውጣ።

ጥያቄ፦ ከፍ ካስደረግሁት ወዲህ መኪናው አስፋልት ላይ ይዋልላል። ከ80 በላይ ስነዳ መሪውን ሁሌ ማረም አለብኝ። አላይመንት አሠርቻለሁ፣ «ተስተካክሏል» ብለውኛል። ምን ልሁን?

መልስ፦ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። አላይመንት ሲባል 3 ነገር አለ። ቶ የሚባለው ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ስታያቸው አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሆኑ ነው። ካምበር ከፊት ለፊት ስታየው ጎማው አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዝመሙ ነው። ካስተር ደግሞ ከጎን የሚታይ ነው፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር አናቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳዘነበለ ይነግርሃል። የብስክሌት የፊት ሹካን አስብ። ሹካው ስላዘነበለ ነው እጅህን ለቀህ ቀጥ ብለህ መሄድ የምትችለው። ካስተር ሲያንስ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለስ ያቆማል፣ መኪናውም የከባድ መኪና ንፋስ ሲነካው ይሄዳል።

መኪና ከፍ ሲል ካስተር ይቀንሳል። ብዙ ቦታ ግን የሚነኩት ቶን ብቻ ነው፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ቶ ከተስተካከለ ጎማህ አይበላም፣ መሪህም መሃል ይቆማል፣ መዋለሉ ግን እንዳለ ነው። «ተስተካክሏል» ያሉህ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የነኩት ነገር ተስተካክሏል።

ስለዚህ ተመለስና የማሽኑን ወረቀት ጠይቅ፣ የበፊቱንም የበኋላውንም። ካስተር የሚለው ላይ የግራና የቀኝ ቁጥር እይ። በመኪናው መጽሐፍ ከተቀመጠው ክልል ውስጥ መሆን አለበት፣ የግራና የቀኙ ልዩነትም ከግማሽ ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ፕራዶ ላይ የታችኛው አርም ሥር ሁለት የካም ቡሎን (ሲጠመዘዝ አርሙን ከቦታው ፈቀቅ የሚያደርግ ቡሎን) አለ፣ ካምበርና ካስተር የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ቅደም ተከተሉም አለው፦ መጀመሪያ ካስተርና ካምበር፣ መጨረሻ ላይ ቶ። ቶ ቀድሞ ከተሠራ ሌሎቹ ሲነኩ ይበላሻል። ካሙ ጥግ ደርሶ ካስተሩ አሁንም ካልበቃ፣ ካስተር እንዲጨምር ተሰልቶ የተሠራ የላይኛው አርም መግጠም ነው መፍትሔው። ካሙ ዝጎ አልንቀሳቀስ ካለ ደግሞ፣ አቧራና ጭቃ የለመደ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ቡሎኑን ከነጎሚኒው (ቡሎኑ የሚያልፍበት የአርሙ ጎማ) መቀየር ነው። «አይነቃነቅም» ብሎ የሚመልስህን ትተህ ሌላ ባለሙያ ፈልግ።

ጥያቄ፦ የእኔ የድሮ ላንድክሩዘር ነው፣ 105። 5 ሴንቲ አስነሳሁት። አሁን የፊት ጎማው በአንድ በኩል ከፓራፋንጎ ወጣ ብሎ ይታየኛል፣ ወይስ ዓይኔ ነው? ፍሬኑም እንደ ድሮው አልሆን አለኝ።

መልስ፦ ዓይንዎ ልክ ነው ጋሼ። የእርስዎ መኪና ከፊትም ድፍን አክስል ነው። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ፓናርድ ሮድ አንድ ጫፉ ሻንሲ ላይ፣ ሌላው ጫፉ አክስሉ ላይ ነው። ቦዲው ሲነሳ ሮዱ የበለጠ ስለሚያዘነብል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ ሮድ ያስገጥሙ፣ ከፊትም ከኋላም። ካስተርን በተመለከተ 105 ላይ የሚጠመዘዝ ካም የለም፤ 5 ሴንቲ ሲነሳ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። እሱን የሚመልሰው ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ያለ የአርም ጎሚኒ ነው። ይህን ሳይገጥሙ አላይመንት ቤት መሄድ ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ፍሬኑን ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። በቆዩ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ላይ በሻንሲውና በኋላ አክስሉ መካከል ቀጭን ዘንግ ያለው ቫልቭ ይገኛል። ሥራው የጭነቱን መጠን ማወቅ ነው። ኋላው ዝቅ ሲል «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። መኪናው 5 ሴንቲ ሲነሳ ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ሙሉ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላው ፍሬን አይረዳዎትም። ዘንጉን ማስተካከል ወይም በተነሳበት ልክ ማስረዘሚያ ማስገባት ያስፈልጋል። የፍሬን ቱቦዎቹም ጎማው ተንጠልጥሎ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር እንዳይወጠሩ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ራቭ4 አለኝ፣ ሠፈራችን ኮሮኮንች ነው፣ ሆዱ ይነካል። የእኔንስ ከፍ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፣ ግን ከ2 ተኩል እስከ 3 ሴንቲ ብቻ። ቅድሚያ ሞላዎቹን አስለኪ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በ4ቱም በኩል ለኪና ጻፊው። አንዱ ካነሰ ወይ ኋላው ወርዶ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ አዲስ ሞላ ብቻ የጠፋውን ይመልስልሻል። ከፍ ካደረግሽው ደግሞ አላይመንቱ የ4ቱም ጎማ ይሁን። የኋላ እግሩም የራሱ ቶና ካምበር አለው።

ጥያቄ፦ ከተሠራ 3 ወር ሳይሞላው ጎሚኒዎቹ ተቀደዱ። ዕቃው ፎርጅድ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ አገጣጠሙን እጠረጥራለሁ። የአርም ጎሚኒ መሃሉ በቡሎን ታስሮ ዙሪያው የሚጠማዘዝ ጎማ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ ጎማው ተንጠልጥሎ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ገና ሳይነዳ ተጠማዝዞ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ ይቀደው ጀመር። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ጋራዥ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀይረውለት ወደ እኔ መጣ፤ ቡሎኖቹን አላልቼ፣ መኪናውን መሬት አውርጄ፣ ትንሽ አንቀሳቅሼ አጠበቅኩለት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ አላይመንት ወዲያው ነው ወይስ ትንሽ ነድቼው?

መልስ፦ ሁለቴ። በገጠምክ ቀን አንዴ፣ ምክንያቱም ቶ ከተበላሸ ጎማ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይበላል። ከዚያ አዲሱ ሞላ ተቀምጦ ቦታውን ሲይዝ፣ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ድጋሚ። ሁልጊዜ የምትይዘውን ጭነት ይዘህ ሂድ። ፖርቶመጋላው ላይ ጎማና ጀሪካን ከማይጠፋው መኪና ላይ ሁሉን አውርዶ ማሠራት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል። የጎማ ንፋስህንም አስተካክለህ ግባ።

ጥያቄ፦ ከአላይመንት በኋላ የመንሸራተት መብራት ዳሽቦርድ ላይ በራ።

መልስ፦ መሪው ቀጥ ያለበት ቦታ ስለተቀየረ የመሪ አንግል ሴንሰሩ ግራ ተጋብቶ ሊሆን ይችላል። በዲያግኖስቲክ ማሽን ዜሮ ያስደርጉልህ። መኪናው ከፍ ስላለ የፊት መብራትህንም ብርሃን አብረህ ዝቅ አስደርግ፣ አለበለዚያ ሌሊት ከፊትህ የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው የምታበራው።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው እፈልጋለሁ። መሣሪያ አለኝ።

መልስ፦ የኋላ ሞላ መቀየር ትችላለህ፤ ቋሚ መደገፊያ ሻንሲው ሥር አድርግ፣ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥሩ እንዳትገባ። የፊቱን አሞርዛተር ከነሞላው አውጥተህ ጋራዥ ውሰደውና ሞላውን እነሱ ይፍቱት። ታምቆ የተያዘ ሞላ ከመጭመቂያው ካመለጠ ሰው ይገድላል። እንደ ዛቻ አትውሰድብኝ፣ እጅህ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።