ባዶው ዲስክ ላይ 50 ጊጋባይት የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ አዲስ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በኤክስት4 (ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ በሚያደራጅበት ስልት) ፎርማት አደረግኩ። ምንም ሳልጭንበት 50 ጊጋባይት ያህል ጎደለ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ አይዞህ፣ ቦታው አልጠፋም። ኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ላለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ያስቀራል። ተራ ተጠቃሚ ዲስኩን ጢም አድርጎ ቢሞላው እንኳ ሲስተሙ ሎግ (የሥራውን መዝገብ) የሚጽፍበት፣ አንተም ሩት ሆነህ ገብተህ የምታጸዳበት ቦታ እንዳይታጣ ነው። ፍጥነትም አለበት፤ ባዶ ቦታ ሲጠብ አዲስ ፋይል ተያይዞ የሚቀመጥበት ስለማያገኝ እዚህም እዚያም ይበጣጠሳል፣ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ደግሞ አንባቢው ክንድ ቁርጥራጩን ፍለጋ ከወዲያ ወዲህ ሲል ሥራው በጣም ይንቀራፈፋል። ፊልምና ፎቶ ብቻ የምታከማችበት ከሆነ ለሩት የሚቀረውን ቲዩን2ኤፍኤስ (tune2fs) በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ወደ 1 በመቶ አውርደው። ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ግን እባክህ እንዳትነካው።