«መክፈል የለብዎትም» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «መስት»፣ «ሹድ» ስለሚባሉት የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች፣ በትምህርት ቤት አጠራር ስለ ሞዳል ቨርቦች ናቸው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ተከትለን በፊደላችን ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ በሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር የተካተተ ስለሆነ ለአንድ እንግዳ «ለቁርስ መክፈል የለብዎትም» ለማለት «ዩ መስት ኖት ፔይ ፎር ብሬክፋስት» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንግዳው የሰማው «ለቁርስ መክፈል ክልክል ነው» የሚል ነው። «የለብዎትም» በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዴ ይከለክላል፣ አንዳንዴ ግዴታን ያነሳል። የትኛው እንደሆነ ከነገሩ አካሄድ ስለምንረዳው አንቸገርም። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለይቶ ነው የሚናገር። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲነገሩ ተቀራራቢ ናቸው፤ አሉታ ሲገባባቸው ይለያያሉ። «መስት ኖት» ክልከላ ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታ የለም፣ ምርጫው የእርስዎ ነው ማለት ነው። ለእንግዳዎ የሚባለው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ ፎር ብሬክፋስት» ነበር፤ «ዩ ዶንት ኒድ ቱ ፔይ» ቢሉም ያው ነው።

ከመናገርዎ በፊት በአማርኛው ላይ ፈተና ያድርጉ። «የለብዎትም»ን አንሥተው በቦታው «ክልክል ነው» ያስገቡ። ሐሳቡ ካልተለወጠ «መስት ኖት» ነው። ከተበላሸ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። «ነገ እሑድ ስለሆነ በጠዋት መነሣት የለብህም» የሚለው ክልክል ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጌት አፕ ኧርሊ» ይባላል። «ይህን መድኃኒት በባዶ ሆድ መውሰድ የለብዎትም» ግን ክልከላ ነው፤ «ዩ መስት ኖት ቴክ ዚስ ኦን አን ኤምፕቲ ስቶማክ»። እዚህ ላይ «ዶንት ሃቭ ቱ» ያለ ባለሙያ ሕመምተኛው ከፈለገ በባዶ ሆዱ እንዲወስድ ፈቀደለት ማለት ነው። በጤና፣ በኤሌክትሪክና በጥበቃ ሥራ ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ።

«መስት ኖት» አጥሮ ሲነገር የመጀመሪያው «ት» አይሰማም፤ «መስንት» ነው የሚባለው። በዕለት ንግግር ለክልከላ ይበልጥ የሚሰሙት ግን «ካንት» ነው፦ «ዩ ካንት ፓርክ ሂር»፣ እዚህ ማቆም አይቻልም።

ለሥራዎ አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ሲሉ አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ይኸው ረዳት ግሥ ነው። «ዩ መስት ሳይን ሂር» ትእዛዝ ይመስላል፤ «ሳይን ሂር ፕሊዝ» ይሻላል፣ ግን አሁንም ደረቅ ነው። «ኩድ ዩ ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ?» የ«ይፈርሙልኝ»ን ወግ ይይዛል። እዚህ ያለው «ኩድ» ያለፈ ጊዜን አያመለክትም፤ ጥያቄውን ያለሰልሳል እንጂ።

ጥያቄ፦ «አይ ሃድ ቱ ኮል ኸር» እና «አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ ኸር» ሁለቱም «ልደውልላት ይገባኝ ነበር» ተብለው ተተርጉመው አየሁ። ልዩነት የላቸውም? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሰፊ ልዩነት አላቸው፤ በአንዱ ስልኩ ተደውሏል፣ በሌላው አልተደወለም። «አይ ሃድ ቱ ኮል ኸር» ስትል ግድ ሆኖብህ ደውለሃል። «አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ ኸር» ስትል አልደወልክም፣ ቆጭቶሃል። ትርጉሙ ለሁለተኛው ልክ ነው፣ ለመጀመሪያው አይሆንም። የሚያሳስተው «መደወል ነበረብኝ» የሚለው አነጋገራችን ለሁለቱም ማገልገሉ ነው። ስትተረጉም «ታዲያ ደወልክ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ መልሱ ይለይልሃል። «አይ ሹድንት ሃቭ ኮልድ ኸር» ከሆነ ደግሞ ደውለሃል፣ ባልደወልኩ ኖሮ እያልክ ነው።

ከ«ሹድ ሃቭ» በኋላ የሚመጣው የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ነው፦ «ሹድ ሃቭ ጎን» እንጂ «ሹድ ሃቭ ዌንት» አይባልም። በንግግር «ሹድ ሃቭ» ተጨፍልቆ «ሹድ ኦቭ» የሚል ድምፅ ስለሚሰጥ አፋቸውን በቋንቋው የፈቱ ሰዎች እንኳ «ኦቭ» ብለው ይጽፉታል። በፈተና ላይ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ «ፈተናውን ማለፍ ቻልኩ» ለማለት «አይ ኩድ ፓስ ዚ ኤግዛም» ብዬ ታረምኩ። «ኩድ» የ«ካን» ያለፈ ጊዜ አይደለም እንዴ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ነው፣ ግን ለ«እችል ነበር» እንጂ ለ«ቻልኩ» አይሆንም። አማርኛችን ይህን አጥርቶ ስለሚለይ ተጠቀሙበት። «በልጅነቴ መዋኘት እችል ነበር» የቆየ ችሎታ ነው፤ «አይ ኩድ ስዊም»። «ማለፍ ቻልኩ» አንድ ጊዜ ተሞክሮ የተሳካ ነገር ነው፤ «አይ ዋዝ ኤብል ቱ ፓስ» ወይም «አይ ማኔጅድ ቱ ፓስ»። በአሉታ ጣጣ የለውም፤ «አልቻልኩም»ም «አልችልም ነበር»ም «ኩድንት» ይሆናል። እንደ «ሰማሁ»፣ «አየሁ» ካሉ የስሜት ሕዋሳት ግሦች ጋር ደግሞ ለአንድ ጊዜውም «ኩድ» ይገባል፦ «አይ ኩድ ሂር ዘ ሬይን»።

ጥያቄ፦ «ዛሬ ሊዘንብ ይችላል» ለማለት «ኢት ካን ሬይን ቱዴይ» ልክ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይደለም። ለአንድ ቀን ግምት «ሜይ»፣ «ማይት» ወይም «ኩድ» ይባላል፦ «ኢት ማይት ሬይን ቱዴይ»። «ካን» አንድ ነገር አንዳንዴ የሚያጋጥም መሆኑን በጥቅሉ ለመናገር ነው፤ «ኢት ካን ሬይን ኢን ጃንዋሪ» ማለት በጥርም የሚዘንብበት ጊዜ አለ ነው። በአሉታ ተጠንቀቁ፦ «ሂ ማይት ኖት ካም» ላይመጣ ይችላል ነው፣ «ሂ ኩድ ኖት ካም» ግን መምጣት አልቻለም።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ «ካን» እና «ካንት»ን መለየት አቃተኝ። ቀጠሮ ስይዝ «እንችላለን» ይበሉ «አንችልም» አይገባኝም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የመጨረሻዋን «ት» ለመስማት አይድከሙ፤ አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ ይውጧታል። ማዳመጥ ያለብዎ ጫናውን፣ ማለትም የትኛው ቃል ጠንክሮ እንደሚነገር ነው። በአዎንታ «ካን» ተጨፍልቆ «ክን» ይሆንና ጫናው ዋናው ግሥ ላይ ያርፋል፦ «ዊ ክን ሲ ዩ»። በአሉታ «ካንት» በሙሉ ድምፅ ይነገራል፣ ጫናም አለው። ስለዚህ ቃሉ ጎልቶ ከተሰማዎ አሉታ ነው ብለው ይያዙ።

እርስዎም ሲናገሩ ይኸው ይሠራል። እኛ እያንዳንዱን ቃል እኩል ስለምናነብ «አይ ካን ካም» ስንል «አልችልም» ያልን ይመስላቸዋል። «አይ ክን ካም» ይበሉ። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ግን «የስ፣ አይ ካን» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ይነገራል። አልችልም ማለት ሲፈልጉ «ካኖት» ብለው ሳያሳጥሩ ይናገሩት። የሰሙት ካጠራጠረዎ «ኢዝ ዛት አ የስ ኦር አ ኖ?» ብለው ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።