ሱቅ ስትገቢ ፍላሽ ይዘሽ ግቢ

እህቴ፣ «የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ሊኑክስ የምጭንበት ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ልገዛ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ልይ ወይስ ራሙን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጎንደር ለራሴም ለወዳጆቼም ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ስርዓተ ክወና) ስጭን ዓመታት ስላለፉ ያየሁትን ልንገርሽ። ከሁለቱም በፊት ክዳኑን እዪ።

የመጀመሪያ ላፕቶፔን ስገዛ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁሉ ያማልል ነበር። ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ሠራ። አንድ ማታ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ከፒያሳ በሚኒባስ ወደ አዘዞ ሄድኩ። ቤት ደርሼ ሳወጣው ሆዱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ለካ ክዳኑ ሲዘጋ እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም፣ ከሊኑክስ ጋር አልተስማማም፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ወረቀት አይነግርሽም።

ዴንቨር ከተማ ያለው ሲስተም76 ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ይሸጣል፤ ጀርመን አገርም ቱክሴዶ አለ። ገዢዎቻቸው ገንዘብ የሚያወጡት ለዚሁ ነው፦ እንቅልፉን፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን አስቀድሞ የፈተነላቸው ሰው አለ። እኔ ግን አራዳ ገበያ ላይ አይቻቸው አላውቅም። ስለዚህ ፈታኟ አንቺ ነሽ።

ምርጫሽ ላፕቶፕ ከሆነ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ፈልጊ። የ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፤ ግን እወደዋለሁ። አንድ ባትሪ ውስጡ፣ ሌላው ከኋላው አለው፤ የኋላውን ለመቀየር ካቻቢቴ አያስፈልግም፣ ኮምፒውተሩንም ማጥፋት የለብሽም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥቅሙን ታዪዋለሽ። ራሙም ከማዘርቦርዱ ጋር አልተበየደም፤ ገንዘብ ስታገኚ ትጨምሪበታለሽ። ራማቸው የተበየደ ቀጫጭን ላፕቶፖችን አልመክርሽም፤ በገዛሽው መጠን ነው የምትኖሪው።

ግራፊክሱ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ቢሆን ይሻላል፤ ድራይቨሩ (ሊኑክስ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) ከራሱ ከሊኑክስ ጋር ይመጣል። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ግን ያስቸግራሉ፦ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚገባው በዚያው ዋይፋይ ነው። እንዲህ ካጋጠመሽ ስልክሽን በኬብል አገናኝተሽ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ውሰጂ።

ዴስክቶፕ ለጥገና ይቀላል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የምትገዢበት ገንዘብ ከሌለሽ ግን ተዪው።

አሁን ወደ ሱቁ። ቤትሽ ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ፍላሽ ላይ አዘጋጂ። ሻጩን አስፈቅደሽ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሺው፤ ቲንክፓድ ላይ ሲነሳ የኤፍ12ን ቁልፍ መንካት ነው። ኡቡንቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኚ ከፍላሹ መሞከር ትችያለሽ። ዋይፋይ አገናኚ፣ ድምፅ አሰሚ፣ ካሜራውን ክፈቺ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን አንድ በአንድ ንኪ። ሻጩ አይሆንም ካለሽ ውጪ፤ ሌላ ሱቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ጽሑፍ ጀምረሽ ክዳኑን ዝጊና አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ሆዱን በመዳፍሽ ዳሺው። ቀዝቅዞ ካገኘሽውና ስትከፍቺው ጽሑፍሽ እንደነበረ ከጠበቀሽ፣ ክፈዪ።