ሻማው ያው ነው፣ ዋጋው ግን…

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ማግስት ሻጩ መደርደሪያው ላይ የቆየውን ሻማ ዋጋ እጥፍ አደረገው። ሌላ ጊዜ ሲጨምር ዝም እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። አካበድኩ እንዴ?
(የተናደደችው)

መልስ፦ አላካበድሽም እህቴ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በካናዳ የቶሮንቶና የቫንኩቨር ከተማ ነዋሪዎችን በስልክ ጠይቀው ነበር። ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት አንድ ሱቅ የ15 ዶላሩን የበረዶ አካፋ 20 ቢያደርገውስ? 82 በመቶው «ፍትሃዊ አይደለም» አሉ። ሻጩ ራሱ የሚያመጣበት ዋጋ ሲጨምር ያንኑ ቢጨምር ግን አብዛኞቹ አልከፋቸውም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ንሮበት ነው ወይስ ችግርሽን አይቶ? ያ ሻማ መብራቱ ሳይጠፋ የተገዛ ነው። አቧራው እንኳ አልተራገፈም!

ሻጩ «ቀጣዩን በውድ ነው የማመጣው» ሊል ይችላል። እውነት ከሆነ ያስኬዳል፤ ግን አፍ አውጥቶ ይንገርሽ።

እኔም በልጅነቴ ጃንጥላ ስሸጥ ገና ሲያካፋ ዋጋ እጨምር ነበር። አልተረፈኝም አልልም። አንድ ቀን አንዲት እናት «ትናንት በስንት ነበር ልጄ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ገዙኝ። ከዚያ ወዲያ ግን በፊቴ ሲያልፉ ዞር ብለውም አላዩኝ።