መልስ፦ ሁለቱንም የሚወዱት ስንት ናቸው?

ሰላም ወንድሜ። ከ60 ተማሪዎች 35ቱ ፊዚክስ፣ 28ቱ ኬሚስትሪ ይወዳሉ፤ 12ቱ ከሁለቱ አንዱንም አይወዱም ብለሃል። መጀመሪያ 12ቱን ከ60 ቀንስ፤ 48 ይቀራል። 35 እና 28 ስትደምር ግን 63 ይመጣል። ትርፉ 15 ሰው ከየት መጣ? ሁለቱንም የሚወዱት ሁለቴ ስለተቆጠሩ ነው። መልሱ 15 ነው።

ይህን በሁለት ተደራራቢ ክቦች (አንዱ ለፊዚክስ፣ አንዱ ለኬሚስትሪ) ስትስል ሁሌም ሁለቱ ከሚደራረቡበት ከመሃል ጀምር፦ መሃል 15፣ ፊዚክስ ብቻ 20፣ ኬሚስትሪ ብቻ 13። «28 ኬሚስትሪ ይወዳሉ» ማለት «ኬሚስትሪ ብቻ» ማለት አይደለም፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 12ቱን ጨምረህ ደምርና 60 መምጣቱን አረጋግጥ።

ሦስት ትምህርት ከሆነ፣ የሦስቱን ቁጥር ደምረህ የየጥንዱን (የየሁለቱን ትምህርት) የጋራ ከቀነስክ በኋላ ሦስቱንም የሚወዱትን መልሰህ ደምር። ሦስቴ ተቆጥረው ሦስቴ ስለተቀነሱ ጭራሽ ጠፍተዋል።