ፍርሃቱን ከእናቴ ወርሼው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ድንገት ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ሦስቴ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ በልብ ምርመራም (ኢሲጂ) በደም ምርመራም ደህና ነሽ ተባልኩ። አሁን ታክሲ መሳፈር ትቻለሁ። እናቴንም እንዲህ ያደርጋት ነበር። በዘር ነው? ልጄስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብዎ ደህና መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ስቃይዎ ግን የእውነት ነው። የነገሩኝ ምልክት ከፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገት ከሚነሳ ከባድ የፍርሃት ጥቃት ጋር ይገጥማል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይበርዳል።

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። አደጋ ስትጠረጥር አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ታስረጫለች፣ ልብ ይፈጥናል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ ምንም የለም» ብሎ ያረጋጋታል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። አሜሪካ ውስጥ አሚግዳላዋ በበሽታ የጠፋባት ሴት አለች፤ እባብ በእጇ ይዛ አትፈራም። በ2013 በወጣ ጥናት ካርቦንዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ስትስብ ግን በድንጋጤ ተያዘች። ለካ ከገዛ ሰውነታችን የሚነሳ የመታፈን ስሜት በሌላ መንገድም ደወሉን ይደውላል! ሰው የታጨቀበት፣ ለብርድ ተብሎ መስኮቱ የተዘጋ ታክሲ ለምን እንደሚብስብዎ ይገባኛል።

ወደ ዘሩ ልምጣ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘርን ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። ተጠያቂው አንድ ጂን አይደለም፤ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን ቶሎ የመደንገጥ ዝንባሌ ነው። የልጅዎ ዕድል ከሌላው ልጅ ከፍ ቢልም፣ እንዲህ ካለ ወላጅ የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች በሽታው አይዛቸውም።

እኔን ያሳሰበኝ ታክሲ መተውዎ ነው። በሸሹ ቁጥር አንጎልዎ «ስለሸሸሁ ተረፍኩ» ብሎ ይማራል። አንጎል ፍርሃትን አይደመስስም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ይጽፍበታል እንጂ። ለዚህ በደንብ የሚሠራ፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንት ስለሚፈጅ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ጎረቤት ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ኪኒን ቢሰጥዎ ግን እባክዎ አይውሰዱ፣ ሱስ ያስይዛል። ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ካልታዩ ይታዩ፣ ቡናም ቀነስ ያድርጉ።

የአእምሮ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ታክሲ መሳፈሩን በእርሱ ምክር በትንሹ ይጀምሩ፦ ከሚያምኑት ሰው ጋር አንድ ፌርማታ ብቻ። ልብዎ ቢመታም አይውረዱ፣ እስኪበርድ ይቀመጡ።